ለሥራ መክፈል፣ ብር መስጠት፣ ላም መስጠት ወይስ ቤት ለቤት መቁጠር? የድህነት ቅነሳ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ስብሰባው ዋርካ ሥር ነው። የቀበሌው ሰው ቆሞ ስም ያነባል። ስሙ የተጠራ ቤተሰብ ለዚህ ዓመት ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ ቤተሰብ ብር ወይም እህል የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ያልተጠራው ቀረ። ለቀበሌው የደረሰው ኮታ ሲያልቅ ንባቡም ያልቃል። ከመጨረሻው ስም ቀጥላ የነበረችው እናት የቱንም ያህል ቢቸግራት ለዘንድሮ አልሆነላትም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ስለ ድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ ሲወራ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። በሚያምር ሽፋን የታተመው ሰነድ አይደለም። አንድ መንግሥት የቱንም መንገድ ቢመርጥ ነገሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እዚያ ዝርዝር ላይ ነው። ማን ተጻፈ? ምን ተሰጠው? መቼ ደረሰው?

ግራ የሚያጋባው መንገዱ ብዙ መሆኑ ነው። አንዱ "ብራዚል ለእናቶች በካርድ ብር ሰጥታ ተሳካላት" ይላል። ሌላው ቻይናን ይጠቅሳል። ሦስተኛው "ላም ስጠውና ራሱን ይቻል" ይላል። ሁሉም የራሱ ማስረጃ አለው። የወረዳ ዕቅድ ባለሙያ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ፣ ውጭ አገር ሆኖ ለትውልድ ቀዬው ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር፣ ሁሉም አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አራቱን መንገዶች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። የኢትዮጵያን ዓመታት በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ዕቅዱ ራሱ ከየት መጣ?

በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ዕዳ ለከበዳቸው ድሃ አገሮች አንድ ቅድመ ሁኔታ አወጡ። ዕዳችሁ እንዲሰረዝ የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ ጽፋችሁ አቅርቡ አሏቸው። ኡጋንዳ ከዚያ በፊት፣ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ የራሷን አዘጋጅታ ነበር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በ1994 ዓ.ም. አወጣች። ቀጥሎ ፓስዴፕ የተባለው ዕቅድ መጣ። ከዚያ ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች ተከተሉ። አሁን ደግሞ የአሥር ዓመቱ የልማት ዕቅድ አለ።

በእነዚህ ዓመታት ቁጥሩ በደንብ ወርዷል። ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር። በ1997 ወደ 38.7፣ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ዝቅ አለ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው የእርሻው ማደግ ነው። መንገዱ፣ ትምህርቱና ጤናውም አግዘዋል።

ነገር ግን አንድ የሚያም እውነት አለ። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. አገሪቱ በፍጥነት ስታድግ፣ ከሁሉም በታች ያለው አሥር በመቶ ሕዝብ ፍጆታ አላደገም። እንዲያውም ቀነሰ። አማካዩ ሲሻሻል የእነሱ ጓዳ ባሰበት። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መንገዶች የተፈጠሩት ዕድገት በራሱ ለማይደርስላቸው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ዕድገትን የሚተኩ አይደሉም።

ከመምረጣችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ?

በሬ የሚገዛ ገበሬ የሻጩን ወሬ ብቻ ሰምቶ አይገዛም። ጥርሱን ያያል፣ ያራምደዋል። እዚህም እንደዚያው ነው።

ቀዳሚው ጥያቄ ሰዉ ድሃ የሆነው በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው። እህሉ ሦስት ወር ቀድሞ የሚያልቅበት ገበሬ አለ። መሬትም ከብትም የሌላት ባልቴት አለች። ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ቆሎ የምታስሸጥ የከተማ እናት አለች። መንገድ ያልገባበት ተራራ ላይ የተቀመጠ ጎጥ አለ። አራቱም ድሃ ናቸው። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ መርፌው ይወጋል።

ቀጥሎ ልየታው ይመጣል። ድሃው በማን ይለያል? ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ይመርጡታል? መንግሥት መዝገብ ይይዛል? ወይስ ሥራው ከባድ ደመወዙም ትንሽ ስለሆነ የተሻለ ያለው ሰው ራሱ አይመጣም? ሦስቱም ይሠራሉ፣ ሦስቱም ይሳሳታሉ።

ገንዘቡስ የማን ነው? በለጋሽ ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ፕሮግራም ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር ይወድቃል። በራስ በጀት የሚሄደው ደግሞ ትንሽ ቢሆንም ይቆያል።

እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው ክፍያው በወቅቱ መድረሱን ነው። ሰኔ ላይ መድረስ የነበረበት ብር መስከረም ላይ ቢደርስ ቤተሰቡ በመሃል ፍየሏን ሸጧል። ከአራጣ አበዳሪ ተበድሯል። ልጁን ለሰው ቤት ከብት ጠባቂነት ሰጥቷል። መስከረም ላይ የመጣው ብር ዕዳ ይከፍል ይሆናል፤ ፍየሏን ግን አይመልስም። ሪፖርቱ ላይ "ተከፍሏል" ተብሎ ይጻፋል። ጥራቱን የጠበቀ ዕቅድ በዚህ ምክንያት ብቻ ሲበላሽ አይቻለሁ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ድርቅ ወይም የዋጋ ንረት ሲመጣ ፕሮግራሙ ይሰፋል ወይስ ይሰበራል? ቤተሰቡ አንድ ቀን ሲወጣስ በእጁ ምን ይዞ ነው?

አንደኛው መንገድ፦ ለሥራ መክፈል

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወደ 13 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ዕርዳታ ፈልገው ነበር። እስከዚያ ድረስ አሠራሩ በየዓመቱ አንድ ነው። ዝናብ ይጠፋል፣ የአስቸኳይ ዕርዳታ ጥሪ ይወጣል፣ ስንዴው በመርከብ ይጓዛል። ሰዉ ከብቱን ከሸጠ በኋላ ይደርሳል። በየዓመቱ እንደሚቸገር የሚታወቅን ሰው በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ መያዝ ትርጉም አልነበረውም። ጥር 1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የጀመረው ከዚህ ክርክር ነው። ሲጀምር ወደ 5 ሚሊዮን ሰዎችን ያዘ። በዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሥራት የሚችል ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን ይሠራል። ይህ በዓመት 6 ወር ይቆያል። ጊዜው የእርሻ ሥራ ከሚላላበት ከጥር እስከ ሰኔ ነው። አቅም የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ጠዋት አንድ ተፋሰስ ላይ ብትወጡ የምታዩት ይሄ ነው። ዲኤው (የልማት ጣቢያ ሠራተኛው) የውሃ ልክ ይዞ የእርከኑን መስመር ያወጣል። ወንዶቹ ድንጋይ ይፈነቅላሉ። ሁለት ሴቶች ቃሬዛ ይዘው አፈር ያመላልሳሉ። ከታች አንዲት አሮጊት ጥላ ሥር ሕፃናቱን ይጠብቃሉ። ሥራው ያደክማል። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦረቦሩ ሣር ይለብሳል፤ ደርቆ የነበረ ምንጭ የተመለሰበት ቦታ አለ። ቤተሰቡ ይበላል፣ መሬቱም ያገግማል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ መንገድ ከአራቱ ውስጥ የለም።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ነበር፤ በእህል ለሚከፈለው 3 ኪሎ። ያኔ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ብሩ ያንን 3 ኪሎ መግዛት አቃተው። ተጠቃሚው "ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን" አለ። ክፍያው ወደ 8፣ ኋላም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞት ሄዷል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ደመወዙን ከእህል ዋጋ ጋር ያላሰረ ፕሮግራም በንረት ዘመን በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ ዕርዳታ ይሆናል።

ሁለተኛው ድክመት ምረቃው፣ ማለትም ቤተሰቡ ራሱን ችሏል ተብሎ ከፕሮግራሙ የሚወጣበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተጠቃሚውን ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ አስቦ ነበር። ምኞቱ ጥሩ ነው። ግን ምረቃ እንደ ኮታ ከላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወረዳው ቁጥር ማሟላት አለበት። አንዲት በግ የጨመረ ቤተሰብ "ራሱን ችሏል" ተብሎ ይሰረዛል። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ የመጣው ድርቅ ደረሰ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደገና የምግብ ዕርዳታ ፈለጉ።

ሕንድ ይህንኑ መንገድ በሌላ መልክ ይዛዋለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ ቃል ገባ። ቁም ነገሩ "መብት" የሚለው ቃል ላይ ነው። ሥራ የጠየቀ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ካልተሰጠው የሥራ አጥ አበል ይገባዋል አለ ሕጉ። ማለትም በዚያ ሕግ ዝርዝሩ በኮታ አይዘጋም ነበር። መጀመሪያ ላይ ያነሳኋት እናት እዚያ ብትሆን "ሥራ ስጡኝ" የምትልበት ሕግ ነበራት። በተግባር የሕንዱም ክፍያ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ግን የመንደሩ ሰው በአደባባይ ተሰብስቦ የሥራውን መዝገብ ከተከፈለው ገንዘብ ጋር የሚያመሳክርበት አሠራራቸው እኛም ብንይዘው ይጠቅመናል።

የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከገጠሩ አንድ ነገር ተምሯል። ጎዳና የሚያጸዱትና ችግኝ የሚንከባከቡት ሰዎች ከሚከፈላቸው ላይ ይቆጥባሉ። ሲወጡም መነሻ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። መውጫው ከመግቢያው ጋር አብሮ ታስቧል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ለእናት በካርድ ብር መስጠት

ሜክሲኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ፕሮግሬሳ የተባለውን ስትጀምር አንድ ብልህ ነገር አደረገች። ለጥናት ከተመረጡት 506 መንደሮች ውስጥ 320ውን በዕጣ ለይታ ቀድማ አስገባች። ቀሪዎቹ ኋላ ገቡ። በመሃል ያለውን ልዩነት ለካች። ልጆች በተለይም ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት መቆየታቸው በቁጥር ታየ። በ2000 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሲቀየር አዲሱ ፕሮግራሙን ስሙን ቀይሮ አስቀጠለው፤ ማስረጃው ስለነበረ። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በተለያየ ስም ቆየ።

ብራዚል በ2003 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ሉላ ጊዜ አራት የተበታተኑ ድጋፎችን አንድ ላይ አድርጋ ቦልሳ ፋሚሊያን መሠረተች። ብሩ በመንግሥት ባንክ ካርድ ይገባል። በእነዚያ ዓመታት ካርዱ ከ90 በመቶ በላይ በሴት ስም ነበር። ቅድመ ሁኔታው ልጅ ከትምህርት ቀኑ 85 በመቶውን እንዲገኝ፣ ክትባት እንዲወስድ፣ ነፍሰ ጡር ክትትል እንድታደርግ ነበር። ወደ 14 ሚሊዮን ቤተሰቦች ደርሶ ነበር። ይህም ያኔ ከሕዝቡ ሩብ ያህሉ ነው። ወጪው ግን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ብራዚል በ2014 እ.ኤ.አ. ከዓለም የረሃብ ካርታ ወጣች። በ2021 ፕሮግራሙ ፈርሶ በሌላ ተተካ፤ በ2023 ተመለሰ።

ብዙዎች ከዚህ የሚወስዱት ካርዱን ነው። እኔ የምለው ግን ከካርዱ በፊት መዝገቡን እዩ። ብራዚል የቤተሰቦችን አንድ ወጥ መዝገብ መያዝ የጀመረችው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የቤት ሁኔታ፣ የአባላት ቁጥር፣ ገቢ፣ ሁሉም ተጽፎ ይታደሳል። እኛ አሁን ፋይዳ መታወቂያ እያስፋፋን ነው፤ ጥሩ መሠረት ነው። ግን ፋይዳ ማን መሆናችሁን ይናገራል እንጂ ጓዳችሁ ውስጥ ምን እንደጎደለ አይናገርም። ለዚያ ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል።

ቅድመ ሁኔታውም ቢሆን እንደ ቦታው ነው። ትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ፣ ጤና ኬላው መድኃኒት ከሌለው፣ "ካልሄዳችሁ ብሩ ይቆረጣል" ማለት ቅጣቱን ጥፋት በሌለባት ልጅ ላይ ማሳረፍ ነው። ብራዚሎች ልጅ ሲቀር ወዲያው አይቆርጡም። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ አለ። ማኅበራዊ ሠራተኛም ቤቱ ምን እንደገጠመው እንዲከታተል ይጠበቃል። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥፋቱ ለእነሱ የቤቱ ደወል ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ጥሪት ሰጥቶ ማቋቋም

ይህን መንገድ ያሳወቀው መንግሥት አይደለም። ብራክ የሚባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። እጅግ የደኸየች ሴት ብድር ቢሰጣት ትበላዋለች፤ ስለራባት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር አንድ ላይ ስጧት። ላም ወይም ፍየሎች፣ እነሱን እስክታልብ የሚሆን ቀለብ፣ ሥልጠና፣ የቁጠባ ደብተር፣ የጤና ድጋፍ፣ በየሳምንቱም ቤቷ መጥቶ የሚያያት ሰው። ይህ ሁሉ ለሁለት ዓመት ያህል ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህንኑ በስድስት አገሮች ፈትሾታል፤ ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ሆንዱራስ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ፔሩ። ወደ 10 ሺህ ቤተሰቦች ተሳትፈዋል። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ በጥሪትም በአመጋገብም ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። የኢትዮጵያው ትግራይ ውስጥ ነበር፤ ተሳታፊዎቹም ሴፍቲኔት ውስጥ ነበሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሴፍቲኔቱ ቀለብ ከሥር ስለነበረ የተሰጣቸውን እንስሳ ለመብል አልሸጡትም።

ሆንዱራስ ግን ከሰረች። ለብዙዎቹ የተሰጣቸው ዶሮ ነበር። ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ልየታው ጥሩ ነበር፣ ሥልጠናው ነበር፣ በጀቱ ነበር። ዶሮው የአካባቢውን በሽታ መቋቋም አልቻለም፤ ትርፉም ሄደ። ስለዚህ "ምን እንስሳ?" የሚለው ጥያቄ የባለሙያ ዝርዝር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ዕቅዱ ሲጻፍ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መኖ ከየት ይመጣል? ገበያው በሳምንት ስንት በግ ይችላል? 300 ቤተሰብ በአንድ ቀን ማር አቅራቢ ቢሆን ዋጋው የት ይደርሳል?

ሩዋንዳ ይህን መንገድ በመንግሥት ደረጃ በ2006 እ.ኤ.አ. ጊሪንካ ብላ ጀመረች፤ ለአንድ ድሃ ቤተሰብ አንድ ላም። ላሚቱ መጀመሪያ የምትወልደው ሴት ጥጃ ለሌላ ድሃ ጎረቤት ይሰጣል። እኛም ገጠር ከብትን ለርቢ መስጠት እናውቃለን። ሰዉ ከሚያውቀው ልማድ ጋር የተጋባ ፕሮግራም ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ወጪው ግን ከባድ ነው። ለአንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ይበልጣል። በየሳምንቱ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ ይፈልጋል። ሽማግሌን፣ ሕመምተኛን፣ መሥራት የማይችልን ሰው ደግሞ ጨርሶ አይረዳም። ለእነሱ ላም ሸክም ነው።

አራተኛው መንገድ፦ ቤት ለቤት ቆጥሮ መዝመት

ኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በሁናን ክፍለ ሀገር ሺባዶንግ የምትባል የተራራ መንደር ሄዱ። ድህነት ቅነሳው ቤተሰብን በስሙ ለይቶ መሆን አለበት አሉ። በ2014 ቻይና ቆጠረች፤ 128 ሺህ ድሃ መንደሮች፣ ወደ 29.5 ሚሊዮን ቤተሰቦች፣ ወደ 90 ሚሊዮን ሰዎች። ለእያንዳንዱ ቤት ፋይል ተከፈተ። ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደተደረገለት፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ተጻፈ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ካድሬዎች ተመድበው ገጠር ገብተው ኖሩ። ከ1,800 በላይ የሚሆኑት በሥራው ላይ ሕይወታቸው አለፈ። 1.6 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ ወጣ። በየካቲት 2021 መንግሥት ከ2012 መጨረሻ ወዲህ 98.99 ሚሊዮን የገጠር ሰዎችና 832 ወረዳዎች ከድህነት ወጡ ብሎ አወጀ።

ይህን ያህል ገንዘብና የሰው ኃይል ያለው መንግሥት ጥቂት ነው። ቻይናም ይህን ያደረገችው ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገችው የእርሻና የኢንዱስትሪ ለውጥ አብዛኛው ሕዝቧ ከወጣ በኋላ፣ ለቀረው ክፍል ነው። ዘመቻውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

መቅዳት የሚቻለው ግን አለ። የመጀመሪያው መዝገብ ስህተት ነበረበት፤ ቻይናዎች ይህን አልካዱም። በ2015 እና 2016 እንደገና ቤት ለቤት ዞሩ። ያለ ቦታቸው የገቡ 9.29 ሚሊዮን ሰዎችን አስወጡ። ተዘልለው የነበሩ 8.07 ሚሊዮን ሰዎችን አስገቡ። ቁጥሩን እስቲ አስቡት። ስምንት ሚሊዮን ሰው ስሙ ሳይጠራ ቀርቶ ነበር! መዝገብ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። የወጣውንም ቤተሰብ የሚያረጋግጠው ያስወጣው ባለሥልጣን ብቻ አልነበረም፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ቡድን ይፈትሽ ነበር።

የምጠነቀቅበትም አለ። ቻይና 9.6 ሚሊዮን ሰዎችን ከማይመች ተራራ አውርዳ በሌላ ቦታ አስፍራለች። እኛ መልሶ ማስፈርን በ1977 እና 1978 ዓ.ም. አይተነዋል። ወደ 600 ሺህ ሰዎች ተጉዘው ብዙዎች በወባና በእንግልት አልቀዋል። ሰው ወዶና አይቶ ካልሄደ፣ ውሃውና ጤና ጣቢያው ቀድሞ ካልጠበቀው፣ ይህን አማራጭ ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ይሻላል።

በአንድ ዕይታ

| መመዘኛ | ለሥራ መክፈል | ብር ለእናት | ጥሪት መስጠት | ቤት ለቤት ዘመቻ |
|---|---|---|---|---|
| የት ታየ | ኢትዮጵያ፣ ሕንድ | ሜክሲኮ፣ ብራዚል | ባንግላዴሽ፣ ሩዋንዳ | ቻይና |
| ለማን ይስማማል | ወቅታዊ የምግብ ክፍተት ላለበት | ልጅ ላለው ቤተሰብ | ጉልበት ኖሮት ጥሪት ለሌለው | ለተነጠለ አካባቢ |
| ልየታ | ማኅበረሰብና ኮታ (ሕንድ፦ ጠያቂው ራሱ) | የገቢ መዝገብ | መንደሩና የድርጅቱ ሠራተኛ | በስም፣ ተደጋግሞ የሚፈተሽ |
| ወጪ ለአንድ ቤት | መካከለኛ፣ በየዓመቱ | ዝቅተኛ፣ በየወሩ | ከፍተኛ፣ አንዴ | በጣም ከፍተኛ |
| የሰው ኃይል | መሐንዲስ፣ ዲኤ | መዝጋቢ፣ ባንክ | ሳምንታዊ ጎብኚ | ሚሊዮኖች |
| በድርቅ ጊዜ | ቶሎ ሊሰፋ ይችላል | መዝገቡ ካለ ይሰፋል | እንስሳው ሊያልቅ ይችላል | እንደ በጀቱ |
| በንረት ጊዜ | ክፍያው ካልተስተካከለ ይጎዳል | እንደዚያው | ጥሪቱ ዋጋውን ይይዛል | እንደ በጀቱ |
| መውጫ | ደካማ | ልጁ ሲያድግ | ጠንካራ | በፍተሻ |

እንደ ችግሩና እንደ አቅሙ

ድርቅ የሚመላለስበት የገጠር ወረዳ ከሆነ ለሥራ መክፈል አሁንም መሠረቱ ነው። ግን ቀጥታ ድጋፍ የሚገባቸውን ቀድማችሁ ለዩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ማየት የለብንም። ክፍያውን በየመንፈቁ ከአካባቢው ገበያ ዋጋ ጋር አስተያዩ። እህልና ብር የማፈራረቅ በርም ክፍት ይሁን፤ በምርት ሰሞን ብር፣ ክረምት ላይ እህል።

በከተማ፣ ባንክና ስልክ ባለበት፣ ለልጆች እናቶች ብር መላክ ርካሽና ፈጣን ነው። ቅድመ ሁኔታውን ግን አታጥብቁት። ትምህርት ቤቱ ሞልቶ አንድ ክፍል ውስጥ 90 ልጅ ከተቀመጠ ገንዘቡ ወደ መማሪያ ክፍሉም መሄድ አለበት።

ጥሪት መስጠትን ብቻውን አትጀምሩት። ከሥሩ ቀለብ ይኑር። ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ ላይ መደረብ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ የትግራዩ ልምድ ይህንኑ ያሳያል።

በጀት ጨርሶ የለም? ያኔም ሥራ አለ። በአንድ ቀበሌ 3 የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና 2 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲኖሩ ታስቦ ነው መዋቅሩ የተዘረጋው። እነዚህ ሰዎች ቤቱን ሁሉ ያውቁታል። ዝርዝሩን በዓመት አንዴ ከእነሱ ጋር ማደስና የክፍያ ወረቀቱን ሳያዘገዩ መፈረም ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ሪያድ ሆናችሁ ለትውልድ አካባቢያችሁ ለምታዋጡ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ለመንደሩ ሁሉ አንድ አንድ ሺህ ብር ማከፋፈል ያምራል፤ በሳምንት ግን ያልቃል። በምትኩ 20 ቤተሰብ ምረጡና ለሁለት ዓመት ያዙ። የመዋጮውን ከፊል በየሳምንቱ ለሚጎበኛቸው ሰው ደመወዝ መድቡት። ብዙ ማኅበር "ገንዘቡ ለሠራተኛ ሄደ" እንዳይባል ይህን ይቆርጣል፤ ጉዳዩ የሚከሽፈውም እዚያው ነው። እንስሳ ከገዛችሁ ከአካባቢው ገበያ፣ አካባቢውን የለመደ ዝርያ፣ ክትባቱን ወስዶ።

የየትኛውም መንገድ ሰነድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ግለጡና እነዚህን ፈልጉ። ስም ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ለስንት ቀን ይለጠፋል? የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አባላት እነማን ናቸው፣ ዝርዝሩን ካወጡት ሰዎች የተለዩ ናቸው? ያልተጠራች እናት በስንት ቀን ውስጥ መልስ ታገኛለች? ይህ ገጽ ከሌለ ሰነዱን ለአዘጋጆቹ መልሱላቸው።